የግለሰብ ነጋዴ ፋይል፦ የንግድ ፈቃድዎና የግብር ምዝገባዎ ያሉበትን ሁኔታ አጣርቶ ማስተካከያ መንገድ

ሱቁን ዘግቶ ቁልፉን ለአከራዩ ያስረከበ ነጋዴ ንግዱ በዚያው ያበቃ ይመስለዋል። በመዝገብ ላይ ግን ምንም አላበቃም። ንግድ ጽሕፈት ቤት ስሙ እንዳለ ነው፣ ገቢዎች ዘንድ ፋይሉ ክፍት ነው፣ የተጨማሪ እሴት ታክስ ተመዝጋቢ ከነበረ ደግሞ በየወሩ ታክሱን አስልቶ ማስታወቅ ይጠበቅበታል። ዓመታት አልፈው ለብድር፣ ለጨረታ ወይም ለሌላ ሥራ ክሊራንስ፣ ማለትም የግብር ዕዳ እንደሌለበት የሚገልጽ ማስረጃ፣ የጠየቀ ዕለት ውዝፉ ከነቅጣቱና ከነወለዱ ተደምሮ ይነገረዋል። በሂሳብ ሥራ ላይ ያለ ሰው ሁሉ እንዲህ ያለ ደንበኛ ያውቃል። አብዛኛው ግብር ለመሸሽ ያሰበ አይደለም፤ መዝጋትም እንደ መክፈት የራሱ ሥርዓት እንዳለው የነገረው ሰው አልነበረም።

ይህ መመሪያ በራሱ ስም ለሚነግድ ግለሰብ ነው። ማኅበር ያቋቋመ ሰው፣ ባለ አንድ አባል ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበርንም ጨምሮ፣ መንገዱ የተለየ ነው። ልዩነቱ ቀላል አይደለም፤ ግለሰብ ነጋዴ ከንግዱ የተለየ ሕጋዊ ሰውነት ስለሌለው የንግዱ ዕዳ የራሱ ዕዳ ነው። ሱቁ ቢከስር አበዳሪውም ሆነ ግብር ሰብሳቢው መኖሪያ ቤቱንና መኪናውን መመልከት ይችላል።

መጀመሪያ መዝገቦቹን ይለዩ

«ንግድ ፈቃድ አለኝ» የሚል ሰው ብዙ ጊዜ አራት የተለያዩ ነገሮችን በአንድ ስም እየጠራ ነው።

የመጀመሪያው የንግድ ምዝገባ ነው። በአዋጅ ቁጥር 980/2008 መሠረት አንድ ሰው በንግድ መዝገብ የሚገባው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ሐዋሳም ደሴም ሱቅ ቢኖረው ዋናው ምዝገባ አንድ ነው።

ሁለተኛው የንግድ ሥራ ፈቃድ ነው። ይህ ለሥራው ዓይነት የሚሰጥ ስለሆነ አንድ ነጋዴ ከአንድ በላይ ሊኖረው ይችላል፤ የእህል ችርቻሮና የልብስ ስፌት የየራሳቸው መደብና የየራሳቸው ቁጥር አላቸው። በየበጀት ዓመቱ የሚታደሰውም ይህ ነው። ምዝገባውና ፈቃዱ አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ መስኮት ስለሚወጡ ሰው እንደ አንድ ወረቀት ያያቸዋል፤ ሲሰረዙ ግን ለየብቻ ናቸው።

ሦስተኛው የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር፣ ሁሉም ሰው ቲን የሚለው፣ ባለ አሥር አሃዝ ቁጥር ነው። ለአንድ ሰው አንድ ብቻ ነው። ተቀጣሪ ሳሉ ያወጡት ቲን ነጋዴ ሲሆኑም ያው ነው። ስለዚህ «አዲስ ቲን አወጣልሃለሁ» የሚል ደላላ ከመጣ በሩን ያሳዩት። ሁለት ቁጥር የተገኘበት ሰው አንዱን እስኪያዘጋ ድረስ ጉዳዩ ሁሉ ይቆምበታል።

አራተኛው የተጨማሪ እሴት ታክስ ምዝገባ ነው። ይህ ሁሉንም ነጋዴ አይመለከትም፤ ወደ ኋላ እመለስበታለሁ።

እነዚህ መዝገቦች በተለያዩ መሥሪያ ቤቶች የተያዙ ናቸው። በኮምፒውተር እየተያያዙ መምጣታቸው እውነት ነው፤ ቢሆንም አንዱ ጋ የተዘጋው ሌላው ጋ በራሱ ተዘግቷል ብሎ መተማመን አይቻልም። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ የሚነሳው ከዚህ ነው።

ደረጃ 1፦ ሰነዶችዎን ይሰብስቡ

የንግድ ምዝገባ ምስክር ወረቀት፣ ንግድ ፈቃድ፣ የቲን ምስክር ወረቀት፣ የፋይዳ መታወቂያ፣ የቤት ኪራይ ውል ወይም ካርታ፣ መጨረሻ የከፈሉበት የግብር ደረሰኝ። ዋናው ከጠፋ ፎቶ ኮፒም ይረዳል፤ የሚፈለጉት ቁጥሮቹ ናቸው።

ደረጃ 2፦ ፈቃድዎን በኢ-ትሬድ ይመልከቱ

የንግድና ቀጣናዊ ትስስር ሚኒስቴር ኢ-ትሬድ የሚባል የኢንተርኔት አገልግሎት አለው። ንግድ ፈቃድ ማረጋገጫ ወደሚለው ገጽ ገብተው ቲንዎን ወይም የፈቃድ ቁጥርዎን ያስገቡ። የይለፍ ቃል አያስፈልግም፤ ማንም ሰው የማንንም ፈቃድ ማየት ይችላል። አዲስ ፈቃድ ላይ ያለውን ባለ አራት ማዕዘን መለያ በስልክ ካሜራ ማንበብም ወደዚያው ይወስዳል።

የሚወጣውን መረጃ ሲያነቡ ስምዎን አይተው ብቻ አይለፉ። የነጋዴው ስም፣ የንግድ ስም ካለ እሱ፣ የሥራው መደብ፣ አድራሻው፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ እስከ መቼ እንደታደሰ ይመልከቱ። ከአንድ በላይ ፈቃድ ከተዘረዘረ እያንዳንዱን ይዩ፤ የረሱት አሮጌ ፈቃድ ብዙ ጊዜ የሚገኘው እዚህ ላይ ነው።

ምንም ነገር ካልወጣ ሁለት ምክንያት ይጠርጥሩ። ፈቃዱ ከድሮው የወረቀት መዝገብ ወደ አዲሱ አልተላለፈ ይሆናል፤ ይህ ፈቃዱን የሰጠው ቢሮ ሄዶ በማስመዝገብ ይስተካከላል። ወይም ደግሞ ፈቃዱ መጀመሪያውኑ ሐሰተኛ ነው። ፈቃዱን «በጉዳይ አስፈጻሚ» በኩል አስወጥተው ራስዎ ቢሮው ደርሰው የማያውቁ ከሆነ ሁለተኛውን አስቀድመው ይመርምሩ።

ደረጃ 3፦ ስምና አድራሻ አንድ መሆናቸውን ያረጋግጡ

ትንሽ የሚመስል ትልቅ ራስ ምታት ነው። ፈቃዱ ላይ «ገ/ሥላሴ» ተብሎ፣ ፋይዳው ላይ «ገብረሥላሴ»፣ ቲኑ ላይ ደግሞ አያት ሳይጨመር የተመዘገበ ሰው ለኮምፒውተሩ ሦስት የተለያየ ሰው ሊሆን ይችላል። የላቲኑ አጻጻፍ ሲጨመርበት ይብሳል። ዛሬ አገልግሎቶች ሁሉ ከፋይዳ ጋር እየተሳሰሩ ስለሆነ ፋይዳውን መነሻ አድርገው ሌሎቹን ወደ እሱ ያስተካክሉ። አስቸኳይ ጉዳይ በሌለበት ወቅት ቢያደርጉት ይሻላል፤ ፈቃድ ሊታደስ ሁለት ቀን ሲቀረው የስም ማስተካከያ ሰልፍ ላይ መቆም ሌላ ነገር ነው።

አድራሻም እንዲሁ ነው። ከአንዱ ክፍለ ከተማ ወደ ሌላው የተዛወረ ሰው የግብር ፋይሉ ከቀድሞው ቅርንጫፍ ወደ አዲሱ መዛወር አለበት። የታክስ አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 983/2008 እንዲህ ያለውን ለውጥ፣ ስምና ዋና የሥራ ዘርፍንም ጨምሮ፣ በ30 ቀን ውስጥ ማሳወቅን ያዛል። ያላሳወቀ ሰው የሚደርስበት ጉዳት ቅጣቱ ብቻ አይደለም፤ የግብር ውሳኔ ማስታወቂያ በቀድሞው አድራሻ ይላካል፣ የቅሬታ ማቅረቢያ ጊዜው ሳያውቅ ያልፍበታል።

ደረጃ 4፦ ገቢዎች ቅርንጫፍዎ ሄደው ፋይልዎን ያስከፍቱ

ፈቃድዎ የታደሰ መሆኑ ግብርዎ የተስተካከለ ለመሆኑ ማስረጃ አይደለም፤ የታደሰው ባለፈው ዓመት ክሊራንስ ይሆናል፣ ከዚያ ወዲህ የተሠራ የኦዲት ውሳኔ ሊኖር ይችላል። ስለዚህ በአካል መሄድ ያስፈልጋል።

የት? ግለሰብ ነጋዴ በአብዛኛው የሚገብረው ለክልሉ ወይም ለከተማ አስተዳደሩ ነው። አዲስ አበባ ያለ ነጋዴ ጉዳዩ ከከተማው ገቢዎች ቢሮ ቅርንጫፍ ጋር ነው፤ ባሕር ዳር ያለ ከአማራ ክልል ገቢዎች ጋር። ፋይላቸው በፌደራሉ የገቢዎች ሚኒስቴር ሥር የተያዘ ነጋዴዎችም ስላሉ የቲን ምስክር ወረቀቱና የመጨረሻው ደረሰኝ ላይ ያለውን የቅርንጫፍ ስም ያንብቡ።

እዚያ ሲደርሱ «ዕዳ አለብኝ ወይ?» ብለው ብቻ አይጠይቁ። መልሱ «የለብዎትም» ቢሆን እንኳ ያልቀረቡ ማስታወቂያዎች ሊኖሩ ይችላሉ፤ እነሱ ነገ ዕዳ የሚሆኑ ናቸው። የሚከተሉትን ለየብቻ ይጠይቁ፦

- የተመዘገብኩባቸው የግብር ዓይነቶች የትኞቹ ናቸው? የንግድ ትርፍ ግብር ብቻ ነው ወይስ የደመወዝ፣ የኪራይ፣ የተጨማሪ እሴት ታክስም አለ?
- በእያንዳንዱ ዓይነት ያላስታወቅሁበት ወር ወይም ዓመት አለ?
- ውዝፍ ካለ ፍሬ ግብሩ፣ ቅጣቱና ወለዱ ለየብቻ ስንት ስንት ነው?
- የግብር ከፋይነት ደረጃዬ ምን ተብሎ ተመዝግቧል?

ሦስተኛውን ጥያቄ እንዳይዘሉት። ቅጣት እንዲነሳ ምክንያትን በጽሑፍ አቅርቦ ማመልከት ይቻላል፣ ፍሬ ግብሩ ግን እንዲህ በቀላሉ አይነሳም። የቱ የቱ እንደሆነ ሳያውቁ ድምሩን ብቻ ሰምቶ የሚደነግጥ ሰው ወይ ተስፋ ቆርጦ ይጠፋል ወይ የማይገባውን ይከፍላል። በአንድ ጊዜ መክፈል ካልቻሉ የጊዜ ክፍያ ስምምነት ይጠይቁ። ውሳኔው ትክክል አይደለም የሚሉ ከሆነ ደግሞ የውሳኔ ማስታወቂያው በደረሰዎት በ21 ቀን ውስጥ ቅሬታ ለዚያው መሥሪያ ቤት ያቅርቡ። «ኃላፊውን አናግሬዋለሁ» ማለት ቅሬታ ማቅረብ አይደለም። ደብዳቤው የገባበት የመዝገብ ቁጥርና ማኅተም ያለበት ቅጂ እጅዎ ላይ መኖር አለበት።

የደመወዝ ግብር ዝርዝሩ ውስጥ ካገኙ አይገረሙ። አንድ ሻጭ ወይም አንድ ጥበቃ የቀጠረ ነጋዴ አሠሪ ነው። የሠራተኛውን ግብር በየወሩ ቀንሶ ያስገባል፤ ለጡረታም ከሠራተኛው 7 በመቶ፣ ከራሱ 11 በመቶ ይከፍላል። ሠራተኛው ከሄደ በኋላም ይህ ግዴታ በፋይሉ ላይ ክፍት ሆኖ የቀረበት ነጋዴ ጥቂት አይደለም።

ደረጃ 5፦ ደረጃዎና የተጨማሪ እሴት ታክስ

ለብዙ ዓመታት የነጋዴው ደረጃ ሦስት ነበር፤ ሀ፣ ለ እና ሐ። በገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008 ከ500 ሺህ ብር በታች የሚሸጠው ሐ ተብሎ በቁርጥ ይገብር ነበር። በ2009 ክረምት የቀን ገቢ ግምት ሲነገር የየሠፈሩ ባለሱቅ ምን ያህል እንደደነገጠ የማያስታውስ ነጋዴ የለም። በ2017 የወጣው ማሻሻያ፣ አዋጅ ቁጥር 1395/2017፣ ደረጃዎቹን ሁለት አድርጓቸዋል። ዓመታዊ ሽያጩ 2 ሚሊዮን ብርና ከዚያ በላይ የሆነው ሀ፣ ከዚያ በታች ያለው ለ ነው። ስለዚህ እጅዎ ላይ ያለው አሮጌ ወረቀት «ሐ» የሚል ከሆነ ዛሬ በየትኛው እንደተያዙ ጠይቀው ይወቁ። ደረጃ ሀ ማለት የሂሳብ መዝገብ መያዝ ማለት ነው። መዝገብና ደረሰኝ ሳይኖር ሀ ሆኖ መገኘት ሹሙ በግምት እንዲወስንብዎት በር መክፈት ነው። ሰነዶችን ቶሎ አይጣሉ፤ ለዓመታት ያስቀምጡ።

ለተጨማሪ እሴት ታክስ መመዝገብ ግዴታ የሚሆነውም በአዲሱ አዋጅ ቁጥር 1341/2016 ሽያጩ በ12 ወር ውስጥ 2 ሚሊዮን ብር ሲያልፍ ነው። ምጣኔው እንደቀድሞው 15 በመቶ ነው። ከዚያ በታች ሆነው በፈቃደኝነት መመዝገብ ይቻላል፤ ለድርጅቶችና ለጨረታ የሚሸጥ ሰው ይህን ይመርጣል። የእኔ አስተያየት ግን ደንበኛው ተራ ሸማች የሆነ ትንሽ ሱቅ ሳይገደድ አይግባበት የሚል ነው። ከተመዘገቡ በኋላ በየወሩ ማስታወቅ አለ፤ ላልተሸጠበት ወርም ዜሮ ብሎ ማስታወቅ ግዴታ ነው። ያለ ምዝገባ ደንበኛን 15 በመቶ ማስከፈል ደግሞ ጥፋት ነው። ሳይመዘገቡ «ቫትን ጨምሮ» ብሎ መጻፍ ቀልድ አይደለም።

ደረጃ 6፦ በጊዜው ያድሱ

የበጀት ዓመቱ ከሐምሌ 1 እስከ ሰኔ 30 ነው። ፈቃድ ያለ ቅጣት የሚታደሰው ከሐምሌ 1 እስከ ታኅሣሥ 30 ሲሆን ከጥር 1 በኋላ ቅጣት አለው፤ ዓመቱን ሙሉ ሳይታደስ ካለፈ ፈቃዱ እንደተሰረዘ ይቆጠራል። ለማደስ ዋናው ማስረጃ የግብር ክሊራንስ ስለሆነ መጀመሪያ ግብር፣ ከዚያ ፈቃድ ነው ቅደም ተከተሉ። ደረጃ ሀ ግብሩን እስከ ጥቅምት 30 ያስታውቃል። ሌላው ግን ሐምሌን አያሳልፍ፤ ወረፋውም ገና አልበዛም። ማደሱም ሆነ ክፍያው ዛሬ በኢንተርኔትና በስልክ ይቻላል። የይለፍ ቃልዎን ግን ለኢንተርኔት ቤት ልጅ ጽፈው አይስጡ።

ደረጃ 7፦ ሥራውን ካቆሙ ይዝጉት

ከሁሉም ይህን በጥሞና ያንብቡት። መዝጋት በሁለት ቢሮዎች መካከል የመመላለስ ሥራ ነው፤ ንግድ ጽሕፈት ቤቱ ፈቃዱን ለመመለስ የገቢዎችን ክሊራንስ ይጠይቃል፣ ገቢዎች ደግሞ ፋይሉን ለመዝጋት ፈቃዱ መመለሱን የሚገልጽ ደብዳቤ ይፈልጋል። ክቡ የማይፈታ ቢመስልም መፍቻው እንዲህ ነው።

በመጀመሪያ ሥራ ያቆሙበትን ቀን የሚገልጽ ማመልከቻ ለገቢዎች ቅርንጫፍዎ ያስገቡና ቅጂው ላይ ማኅተም ያስደርጉ። ቀኑ ወሳኝ ነው፤ ከዚያ ቀን በኋላ ገቢ አልነበረኝም ብለው የሚከራከሩት በእሱ ነው። ከቻሉ የኪራይ ውሉ የፈረሰበትን ሰነድ፣ ቆጣሪ የተዘጋበትን ወይም የወረዳውን ማረጋገጫ ያያይዙ። ከዚያ እስከዚያ ቀን ያለውን ግብር ያስታውቁና ይክፈሉ። የሽያጭ መመዝገቢያ መሣሪያ ካለዎት በአቅራቢው በኩል ከሥርዓቱ ያስወጡት፣ ያልተጠቀሙበትን ደረሰኝ ይመልሱ፣ የተጨማሪ እሴት ታክስ ምዝገባውን ለብቻው እንዲሰረዝ ያመልክቱ። ኦዲት ሊጠይቅ ስለሚችል ሰነዶችዎ ቅርብ ይሁኑ። ክሊራንሱ ሲሰጥዎት ወደ ንግድ ጽሕፈት ቤት ይሂዱ፤ ፈቃዱን መልሰው የስረዛ ደብዳቤ ይቀበሉ። ሌላ ንግድ የማይጀምሩ ከሆነ የንግድ ምዝገባውም እንዲሰረዝ ያስጽፉ። ደብዳቤውን ይዘው ወደ ገቢዎች ይመለሱና የነጋዴነት ፋይሉ እንዲዘጋ ያድርጉ። ቲኑ ራሱ አይጠፋም፤ ነገ ቢቀጠሩ ወይም ቤት ቢያከራዩ ያው ቁጥር ያገለግላል።

«ለጊዜው ነው የዘጋሁት፣ ስመለስ አድሰዋለሁ» የሚሉ አሉ። እስኪመለሱ ድረስ በየወቅቱ ዜሮም ቢሆን ማስታወቅ ከቻሉ ይሁን። የ983/2008 አዋጅ የሚከፈል ግብር በሌለበት ወቅት እንኳ ሳያስታውቁ መቅረትን በየግብር ወቅቱ በ10 ሺህ ብር ይቀጣል። የማይሠራ ሱቅ በዚህ ሂሳብ ከሚሠራው ይበልጥ ውድ ሊሆን ይችላል።

ፈቃድን ለወንድም ወይም ለጓደኛ «ይሥራበት» ብሎ መተውም መዝጋት አይደለም። ፈቃድ አይተላለፍም፣ አይከራይም። ሽያጩ በእርስዎ ስም ይመዘገባል፣ ግብሩም የእርስዎ ነው፤ ዝምድናው የሚፈተነው ኦዲተሩ የመጣ ዕለት ነው።

ከሌላ ነጋዴ ሲገዙ

የደረጃ 2 ማጣሪያ ለራስ ብቻ አይደለም። ብዙ ዕቃ ከማያውቁት አቅራቢ ሲወስዱ ቲኑን ጠይቀው ፈቃዱን ይዩ። የተሰረዘ ፈቃድ ያለው ሰው የሰጠዎት ደረሰኝ በወጪ ላይያዝልዎት ይችላል። በ979/2008 አዋጅ አቅራቢው ቲን ካላቀረበ ከፋዩ ድርጅት ከክፍያው ከተለመደው ከፍ ያለ ድርሻ ቀንሶ እንዲያስቀር ይገደዳል። በዚህም የተነሳ ለድርጅት የሚያቀርብ ነጋዴ ፋይሉ ሳይስተካከል ገንዘቡን በሙሉ አያገኝም።

ውጭ አገር ሆነው ፋይልዎ ክፍት ከሆነ

ዱባይ ወይም ዋሽንግተን ከገቡ በኋላ አዲስ አበባ የተዉት ሱቅ ትዝ የሚላቸው ብዙ ናቸው። ፈቃዱን ባሉበት ሆነው በኢ-ትሬድ ማየት ይችላሉ። መዝጋቱ ግን ተወካይ ይፈልጋል። ውክልናውን በኤምባሲው ወይም በቆንስላ ጽሕፈት ቤቱ ያስፈጽሙ፤ አገር ቤት ሲደርስ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴርና በሰነዶች ማረጋገጫ በኩል ያልፋል። «ማንኛውንም ጉዳዬን» የሚል አጠቃላይ ውክልና ብዙ መስኮት ላይ ይመለሳል። ስለዚህ በጽሑፉ ውስጥ ንግድ ፈቃድ እንዲመልስ፣ የንግድ ምዝገባ እንዲያሰርዝ፣ ግብር እንዲያስታውቅና እንዲከፍል፣ ቅሬታ እንዲያቀርብ፣ ክሊራንስ እንዲቀበል ተብሎ አንድ በአንድ ይጻፍ፤ ቲንዎና የፈቃድ ቁጥርዎም ይግቡበት።